ለሴቶች ልጆቻችን መልበሻ ክፍል ጣሪያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለየካ አባዶና አካባቢው ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ከሰፈራችን ርቃችሁ ለምትኖሩ ወገኖቻችን በሙሉ፤

በዚህ ክረምት ነፋስ ቀላቅሎ የጣለው ዝናብ በሜዳው ዳር ያቆምነውን የሴቶች መልበሻ ክፍልና መጸዳጃ ጣሪያ ገንጥሎ እንደጣለው ሰምታችኋል። የብሎኬቱ ግድግዳ በአብዛኛው ተርፏል፤ ቆርቆሮውና እንጨቱ ግን ዳግመኛ አገልግሎት የሚሰጥ አልሆነም። እስካሁን የገባው ገንዘብ ለእንጨቱ እንኳ አልበቃም። ደጋግመን በመለመናችን የተሰላቸ ሰው እንደሚኖር እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል።

በመጀመሪያው ዙር የተዋጣው ገንዘብ ለመለያና ለኳስ መዋል ሲገባው በግድግዳና በመጸዳጃ አለቀ የሚሉ ወገኖች አሉ። ወጪው በዕድሩ ስብሰባ ላይ ደረሰኝ በደረሰኝ ተነቦ የጸደቀ ቢሆንም ምክንያቱን ደግመን እንገልጻለን። ወንዶች ልጆች ከዛፍ ሥር ልብሳቸውን ቀይረው ይጫወታሉ፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ሴት ልጅ ግን ቁምጣ ለብሳ ከቤቷ እስከ ሜዳው ስትሄድ መንገደኛው ሁሉ ተቆጪ ይሆንባታል፤ የወር አበባዋ ሲመጣ ደግሞ ውሃና የሚዘጋ በር ካላገኘች ከልምምድ ትቀራለች፣ አንዴ ከቀሩት መካከልም የሚመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ መቅዳቱና ታናናሾችን መጠበቁ የእሷ ድርሻ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ወንድሟ ሜዳ በሚወርድበት ሰዓት እሷ ገና ጓዳ ናት። ክፍሉ ከተሠራ በኋላ ከወላጆች ጋር ተነጋግረን የሴቶቹን ልምምድ ወደ ቅዳሜ ረፋድ ያዛወርነው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ቀድሞ ይከለክሉ የነበሩ እናቶች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ራሳቸው ማድረስ ጀምረው ነበር። በእኛ እምነት ከግድግዳው ይልቅ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

«ሴት ልጅ በሩጫ የት ልትደርስ?» ለሚሉም መልሱ ሩቅ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ሲያሸንፍ የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ አልነበረም፤ የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው። ፋጡማ ሮባ ከ12 ዓመት በኋላ በአትላንታ ወርቁን ወሰደች። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያሸነፈችበት የሴቶች 10,000 ሜትርም በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። ውድድሩ ሲፈቀድ ሴቶቻችን ብዙ አልዘገዩም።

ስለዚህ በምጽዋትም ሆነ በሰደቃ መስጠት የለመደ ሁሉ ይህንንም እንደዚያው እንዲቆጥርልን፣ ገንዘብ ያጠረው ቆርቆሮ፣ ምስማር ወይም የአንድ ቀን ጉልበት እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን። ትምህርት ሲከፈት ልምምዱ ስለሚቀጥል ጣሪያው ከዚያ በፊት መመለስ አለበት።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰዎች ጥምር ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የፕሮጀክቱ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ በቴሌብርም ወደዚያው ሒሳብ ማስተላለፍ ይቻላል። ደግመን እናሳስባለን፦ ለኮሚቴ አባልም ቢሆን ያለ ደረሰኝ በእጅ ገንዘብ አትስጡ፣ ከላካችሁም በኋላ የባንኩን ወረቀት ወይም የቴሌብሩን መልእክት ለገንዘብ ያዣችን አሳይታችሁ ስማችሁን በመዝገቡ ላይ አስፍሩ።

የሜዳው አስተባባሪ ኮሚቴ