ጉም ስላለ ጉዟችን አይሰረዝም

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የላ ጎሜራን ጉዞ ከያዛችሁት ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየጠየቃችሁን ነው። «ስልኬ ላይ ጫካው በሙሉ ጉም ነው ይላል። ጉዞው ይሰረዛል? ገንዘባችንስ ይመለሳል?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከመጻፍ ለሁላችሁም አንድ ላይ ብናስረዳ ይሻላል ብለን ነው።

በጉም ምክንያት አንሰርዝም። እንዲያውም ምርጫው የእኛ ቢሆን ጉም ያለበትን ቀን ነው የምንመርጠው።

ላ ጎሜራ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ካሉት የስፔን ካናሪ ደሴቶች አንዷ ናት። ከጎረቤቷ ደሴት ከቴነሪፌ፣ ከሎስ ክሪስቲያኖስ ወደብ፣ በፈጣኑ መርከብ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ደሴቷ ትንሽ ብትሆንም መሐሏ ላይ ወደ 1,500 ሜትር የሚጠጋ ተራራ አለ። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ የውቅያኖሱን እርጥበት ይዞ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ዝናብ በማይጥልበት በበጋ ወራት እንኳ ቅጠሎቹ ያንን ጉም ይይዙትና ጠብ ጠብ ያደርጉታል። ዛፍ ሥር ስትቆሙ ትከሻችሁ ይረጥባል፤ ትንሽ ወጣ ስትሉ መንገዱ ደረቅ ነው። የምንወስዳችሁ የጋራሆናይ ጫካ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ውኃ ጭምር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጫካ ድሮ፣ ከበረዶ ዘመን በፊት፣ ደቡብ አውሮፓን ሸፍኖ ነበር። እዚያ ጠፋ፤ እዚህ ተረፈ። ስፔን በ1981 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ብሔራዊ ፓርክ አደረገችው፣ ዩኔስኮ ደግሞ በ1986 በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ከተራራው ጫፍ ላይ ሆኖ ማዶ ቴነሪፌ ላይ ያለውን የቴይዴን እሳተ ገሞራ ማየት ለሚፈልግ ሰው የጉም ቀን ኪሳራ ነው፤ አንዋሽም። እኛ ግን የምናሳየው ቅርቡን ነው። ግንዱ ላይ የተንዠረገገውን ሽበት፣ ድንጋይ ሥር የበቀለውን ፈርን፣ መርፌ በሚያካክሉ ቅጠሎች ጫፍ ላይ የተሰካውን የውኃ ጠብታ። ያ ባለ መርፌ ቅጠል ዛፍ አስታ ነው። አዎ፣ የሰሜን ተራሮቹ አስታ፤ ቢያንስ የቅርብ ዘመዱ ነው። ከደባርቅ በኩል የመጡ እናቶች እኛ አፋችንን ሳንከፍት ነው የሚለዩት።

ቀስ ብለን የምንሄደውም ለዚሁ ነው። ላጉና ግራንዴ አካባቢና ላስ ክሬሴስ የሚባለው መንገድ ላይ ብዙ ዳገት የለም፤ አያቶችም ልጆችም ይችሉታል። ወደ ኤል ሴድሮ የሚወርደው መንገድ ግን ሌላ ነው። ከፍታው 500 ሜትር ያህል የሚወርድ ቁልቁለት ነው፣ በጉም ቀን ደግሞ የዛፉ ሥር ያንሸራትታል። ጉልበቱን የሚያምን ብቻ ይምጣ። ዱላ እኛ እንሰጣለን። እባብ ለምትፈሩ ደግሞ፦ ደሴቷ ላይ መርዘኛ እባብ የለም።

የጫካውን ጉዞ የምንሰርዘው በሁለት ምክንያት ነው፤ በኃይለኛ ነፋስና በእሳት ስጋት። ነፋስ ሲበረታ ቅርንጫፍ ይወድቃል። ከሰሃራ በኩል አቧራ ያዘለ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ያ ሁሉ እርጥብ ጫካ በጥቂት ቀን ይደርቃል። ነሐሴ 2012 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተነሣው እሳት ከፓርኩ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን አቃጥሏል። ስለዚህ ባለሥልጣናቱ መንገድ ከዘጉ ተዘጋ ነው፤ አንከራከርም።

እንዲህ ሲሆን ወደ ባሕር ዳር እንወርዳለን። ደቡቡ ደረቅ አገር ነው፤ ገደሉ ላይ የእኛን ቁልቋል የሚመስል ተክል ታያላችሁ። ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ልጆች እንዳይነኩት። ቫሌ ግራን ሬይ በሚባለው የባሕር ዳር ቦታ ጥቁር አሸዋ ላይ ትንሽ ከተራመድን በኋላ ቻርኮ ዴል ኮንዴ ጋ እናርፋለን። ድንጋይ ከማዕበሉ የጋረደው ጥልቀት የሌለው ውኃ ስለሆነ መዋኘት የማይችልም እግሩን ነክሮ መቀመጥ ይችላል። ባሕር ዳሩን የማይፈልግ ሰው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል።

ልብስ ላይ አደራ። ታች በቲሸርት እያላባችሁ ላይ ስንደርስ ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ያስፈልጋችኋል። ሶላቸው ያለቀ ስኒከሮች አይሆኑም።

ምሳ የአገሩ የአትክልት ሾርባ ነው፣ ከጎፍዮ ጋር። ጎፍዮ ከተቆላ እህል የሚፈጭ ዱቄት ነው፤ በሶ ነው በቃ። ሾርባው ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይገባል። የማትበሉና ጾም ላይ ያላችሁ ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ከነገራችሁን ያለ ሥጋ እናሠራለን። ጉልበት የሚያማቸው ወላጆችን ይዛችሁ የምትመጡም እንዲሁ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ መኪናው የት መጠበቅ እንዳለበት የምንወስነው በዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አስጎብኚዎቻችሁ፣ ላ ጎሜራ