ለማጅ ሞያሌ ሳይደርስ ይነገረው

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመለማመጃ ፈቃድ እየነዱ ድንበር ስለመሻገር

ከሀዋሳ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዲላ፣ በይርጋጨፌ፣ በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ የሚወርደው አስፋልት ማዶም አይቋረጥም፤ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ናይሮቢ ይገባል። በቤት መኪና ኬንያ ደርሶ መመለስ የሚያስብ ቤተሰብ ታዲያ ለማጅ ልጁን መሪ ላይ ማስቀመጥ ያምረዋል። ከሜጋ ወዲያ መንገዱ ቀጥ ያለና ጭር ያለ ነው፤ ለልምምድ የተሠራ ይመስላል። «መንጃ ፈቃዱ እስኪወጣ በመለማመጃው፣ አባት አጠገብ ተቀምጦ ቢነዳስ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መልሱ አጭር ነው፤ አይቻልም። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 41 አገሮች አንዳቸው የሌላቸውን መንጃ ፈቃድ እንዲቀበሉ ሲያዝ የለማጅ ፈቃድን ለይቶ አስቀርቶታል። ኬንያ ለራሷ ለማጆች የምትሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ አላት፤ ለማጁ በሚነዳት መኪና ላይም ነጭ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ «ኤል» ፊደል ይለጠፋል። የእኛ «ለማጅ» የሚለው ጽሑፍ ለማርሳቢት ትራፊክ ፖሊስ ምንም አይነግረውም። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም መውጫ አይሆንም፤ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ላለው ሰው የሚሰጥ ተጓዳኝ ሰነድ ነውና። አዲስ ነጂ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃል ያታልለዋል።

ታዲያ ክልከላው ግልጽ ከሆነ ይህን ደብዳቤ ምን አስጻፈን? ክልከላው የሚነገርበት ቦታ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የሞያሌው የጋራ የድንበር ኬላ መንገደኛን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያቆም ነው። ከእኛ የሚወጣ ሰው የሁለቱንም አገር ጉዳይ የሚጨርሰው በኬንያ በኩል ባለው ሕንጻ ነው። ለጊዜ ቁጠባ እሰየው የሚያሰኝ አሠራር ነው። ለማጁ ግን ወረቀቱን የሚያይ ሰው ፊት ሲቆም የኬንያን መሬት ነድቶበታል። ያኔ «አይቻልም» ቢባል ጥፋቱ አስቀድሞ ተፈጽሟል። ስለዚህ ነገሩ ከመስመሩ ወዲህ፣ ቢቻል እዚሁ ሀዋሳ፣ ማለቅ አለበት።

የወረቀቱ ጉዳይ ቢፈታ እንኳ የእጅና የዓይን ጉዳይ ይቀራል። እኛ በቀኝ እንነዳለን፣ ኬንያ በግራ። ሰው እንደሚፈራው ስህተቱ የሚፈጠረው ኬላው በር ላይ አይደለም፤ እዚያ ምልክትም ሰውም አለ፣ ከፊት ያለውን መኪና ተከትሎ መሄድም ይቻላል። አደጋው ያለው ማለዳ ከነዳጅ ማደያ ሲወጣ፣ አስፋልቱ ላይ ምንም መኪና በሌለበት ሰዓት ነው። የሚከተለው መኪና ሲጠፋ እጅ የለመደውን ያደርጋል፤ መሪውን ወደ ቀኙ ጠርዝ ይጠመዝዛል። ልምድ ያለው ሾፌር ደንግጦ ይመልሳል። ሐሳቡ በሙሉ ፍሪሲዮንና ማርሽ ላይ የሆነ ለማጅ ግን ስህተቱን የሚያውቀው ከፊቱ የጭነት መኪና ሲመጣበት ነው። አደባባይም ይገለበጣል፦ በግራ ተገብቶ በሰዓት አቆጣጠር ይዞራል፤ ቅድሚያውም ከቀኝ ለሚመጣው ነው።

መቅደም ደግሞ የባሰ ነው። መሪው በግራ የሆነ መኪና በግራ ሲነዳ ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነው። ከፊቱ ያለውን ተሳቢ አልፎ ለማየት የመኪናውን አካል በሙሉ ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት ይኖርበታል። መፍትሔው ወደ ኋላ መቅረት ነው፤ ርቀቱ በሰፋ ቁጥር ከተሳቢው በስተቀኝ ያለው መንገድ ይታያል። ለማጅ ግን ሊቀድም ሲያስብ ይጠጋል፣ ሲጠጋ ደግሞ ዓይኑ ይጋረዳል።

መብራቱንም የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። ለእኛ መንገድ የተሠራ መኪና አጭር መብራቱ በቀኝ በኩል ከፍ ይላል፤ ጠርዙንና እግረኛውን እንዲያሳይ። በግራ ሲነዳ ያ ከፍታ በቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል። አመሻሽ ላይ መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከግድግዳ 5 ሜትር አርቆ አቁሞ አጭሩን ማብራት ነው፤ በቀኝ በኩል የሚወጣው ደረጃ ይታያል። ያ ደረጃ እስኪጠፋ የመብራቱን መስታወት በጥቁር ፕላስተር ከፊል መሸፈን፣ ሲመለሱም መላጥ። የሚፈጀው 10 ደቂቃ ነው።

ስለ መድን ብዙ አንልም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚገዛው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው፣ ለአገር ውስጥ ነው፤ ማዶ የሚሠራው በላዩ የሚወጣው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው። ቢጫ ካርዱ የሦስተኛ ወገንን ጉዳት እንጂ የነጂውን የፈቃድ ጉድለት አይሸፍንም። ነጂው ሕጋዊ ፈቃድ ከሌለው መድን ሰጪው ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ከባለ ሊብሬው ሊጠይቅ ይችላል። አባትየው አጠገብ መቀመጡ ይህን አያስቀርም።

የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። ለማጅ በሚይዘው ወረቀት ላይ «ከኢትዮጵያ ድንበር ውጭ ለመንዳት አያገለግልም» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ በጉልህ ይታተም። ቢጫ ካርድ ሲሸጥና መኪና በጊዜያዊነት ከአገር ሲወጣ፣ ከሊብሬውና ከውክልናው ጋር ማን እንደሚነዳ ተጠይቆ መንጃ ፈቃዱ ይታይ፤ አሁን ጥያቄው ስለ መኪናው ብቻ እንዳይሆን። በሥልጠናው ውስጥም በግራ ስለመንዳት ቢያንስ የ2 ሰዓት የክፍል ትምህርት ይግባልን፤ ከሀዋሳ ወደ ደቡብ ለሚወጣ ሾፌር ይህ ትርፍ ነገር አይደለም።

ሞያሌ ከተማ ከመግባቱ በፊት ደግሞ መኪና ወጣ ብሎ የሚቆምበት ሰፊ ጥግ ተመርጦ «ለማጅ እዚህ መሪውን ያስረክብ» የሚል ሰሌዳ ይተከል። ኬላው በር ላይ ቢተከል አይጠቅምም፤ እዚያ ተሰልፎ ሾፌር መቀየር አይቻልም።

በሀዋሳ ከተማ መኪና መንዳት የምናሠለጥን ባለሙያዎች

ግልባጭ
ለሲዳማ ክልል ትራንስፖርት ቢሮ
ለጉምሩክ ኮሚሽን