አባዬ፣ ያ ቢጫ ያንተ ነው

ውድ አባዬ፣

እንዴት ከረምክ? የዓይንህ ሞራ እንደባሰ ወንድሜ ነገረኝ። አንተ ግን ስደውልልህ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብለህ ስልኩን ለእማዬ ትሰጣታለህ። ሐኪሙ ይሠራ ካለህ ለምን ታዘገየዋለህ? ገንዘቡ ከሆነ ልኬያለሁ። የግፊት መድኃኒትህንም ተሻለኝ ብለህ አታቋርጥ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ሶስና የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ሰው ስትሥል ከፊቱ ሁሉ ዓይኑን ታገንናለች። እኔ አላስተማርኳትም። ትንሹ ኳስ ጀምሯል፤ አማርኛው ግን እየጠፋበት ነው። ስትደውል በአማርኛ ብቻ አናግረው፣ እሺ?

ስለ አንድ ሰዓሊ ልንገርህ። ዛኦ ዉ-ኪ ይባላል፤ ቻይናዊ ነው። ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ። በ1920 ቤጂንግ ተወለደ። አባቱ የባንክ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ሥዕል ልማር ሲል አልከለከሉትም። በ1948 በመርከብ ወደ ፈረንሳይ መጣ። ፓሪስ በገባበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሉቭር ሙዚየም ሄደ። እዚሁ ኖሮ ዜግነትም አገኘ፤ መቃብሩም እዚሁ ሞንፓርናስ ነው።

የአገሩን ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ለብዙ ዓመት ሸሸ። ቻይናዊ ስለሆነ ብቻ የቻይና ነገር እንዲሠራ የሚጠብቁበት ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ያንን አልፈለገም። በ1951 ስዊዘርላንድ ውስጥ የፖል ክሌን ሥራዎች አየ። ክሌ አውሮፓዊ ነው፤ ሥዕሎቹ ላይ ግን እንደ ፊደል ያሉ ምልክቶች አሉ። ከዚያ በኋላ ዛኦም የጥንት የቻይና ጽሕፈት የሚመስሉ ምልክቶችን በዘይት ቀለም መሣል ጀመረ። ቆይቶ ምልክቶቹም ጠፉ። ብርሃንና ሰፊ ቦታ ብቻ ቀረ። ወደ ጥቁሩ ቀለም የተመለሰው በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያኔ ባለቤቱ በጠና ታማ ነበር። በዚያ በቻይናው ሥዕል ብሩሽ ያልነካው ነጭም ሥራ ነው። ሰዓሊው አስቦበት ነው የሚተወው።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ስለዚያች ሥዕል ነው። ታውቃታለህ። ከዚህ ተሸክሜ ያመጣኋትን፣ ተማሪዎችህ ፊት "ፊቱ የታለ? ይሄ ባዶ ሸራ ነው" ያልክባትን። እነሱ ሳቁ። አንተ ወደ ሥራህ ዞርክ። እማዬ ቡና አፈላች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። እኔ ዘንድ ግን አልቀረም፣ አባዬ። ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን እንደሚሣል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሸራ በሙጫ ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ ጫፉን የምይዝልህ እኔ ነበርኩ። ቢያንስ ለብቻችን ስንሆን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ከቅዱሳኑ ጀርባ የምትቀባው ቢጫ አለ አይደል? ሰማይ የለበት፣ ዛፍ የለበት። አንድ ቀን "እዚህ ምን ይሣል?" ብዬ ስጠይቅህ "ተይው፣ ብርሃን ነው" አልከኝ። የኔ ሥዕል ያ ቢጫ ነው። ከዳር እስከ ዳር ያ ብቻ ነው። አላወቅከውም።

ዛኦ የራሱን ስም በቻይና ጽሕፈት፣ የቤተሰቡን ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ነበር የሚፈርመው። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ፤ የኔን በአማርኛ፣ ያንተን በፈረንጅ። ፈረንጆቹ የሚጠሩኝም ባንተ ስም ነው። አንተ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስምህን ጽፈህ ስለማታውቅ ይህን ብታውቅ ደስ ይልህ ይሆናል።

ዛኦ አገሩን ተመልሶ ያየው በ1972 ነው። አባቱ በ1968 ሞተው ነበር።

እንግዲህ አልኩት። በስልክ ይህን ማለት አልችልም፣ ቶሎ ስልኩን ለእማዬ ስለምትሰጣት።

የሕክምናው ቀን ሲቆረጥ ለወንድሜ ንገረው፤ እኔም ፈቃድ ጠይቄ ትኬት እቆርጣለሁ። ከሆስፒታል ስትወጣ በታክሲ ነው የምትሄደው፤ በአውቶቡስ እንዳትጋፋ። ዓይንህ ሲድን ሥዕሏን አውጥተን ለብቻችን እናያታለን። አሁንም ካልወደድካት ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ። ግን ቢጫውን አይተህ ንገረኝ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ