ፎርሙ ላይ ሀበሻ የሚል ሳጥን የለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሁሌ አነባችኋለሁ እንጂ ጽፌላችሁ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ከማታ ሺፍት ገብቼ መተኛት ስላቃተኝ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ነርስ ነኝ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው።

እኛ ሀበሾች ለቅሶ ቤትም ሆነ ክርስትና ላይ ስንሰበሰብ የጥቁር አሜሪካውያን የጤና ነገር ከተነሳ "እሱማ የነሱ ጉዳይ ነው፣ እኛ አበላላችንም ሌላ አስተዳደጋችንም ሌላ" ይባልና ወሬው እዛው ይቀራል። እውነት ለመናገር እኔም ነርስ ሆኜ ለብዙ አመት እንደዛ ነበር የማስበው።

አምና ታናሽ እህቴ ወለደች። ምጡ ደህና ነበር፣ ልጁም ደህና፣ በሁለተኛው ቀን ወደ ቤት ሰደዷት። በአምስተኛው ቀን ጭንቅላቷን ወጥሮ ያዛት። ሆስፒታል ስትደውል "አዲስ እናት ስለሆንሽ ነው፣ እንቅልፍ ሲያጥር እንዲህ ያደርጋል፣ ማስታገሻ ውሰጂና አረፍ በይ" አሏት። ልታርሳት ከአዲስ አበባ የመጣችው እናታችን ደግሞ "ምች ነው" ብላ በሻንጣ ይዛ የመጣችውን ዳማከሴ አፍልታ ሰጠቻት። ማታ ላይ ደውላ "አይኔ ብዥ አለብኝ" ስትለኝ የፕሬዠር (የደም ግፊት) መለኪያዬን ይዤ በረርኩ፣ 178 በ112 ነበር። ኢመርጀንሲ ስንደርስ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ "ራስ ምታት" ብላ መዝግባ ወንበር አሳየችን። "ከወለደች አምስት ቀኗ ነው" እያልኩ ሦስቴ ከተመላለስኩ በኋላ ነው ወደ ውስጥ ያስገቧት፣ ከዛ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዥየም ተሰቀለላት። ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና ጋር የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ነበር። ብዙ ሰው የእርጉዝ በሽታ ብቻ ይመስለዋል፣ ልጁ ከተወለደ በኋላም ግን እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል፣ ያውም በእርግዝናዋ ጊዜ ፕሬዠሯ ደህና በነበረ ሴት ላይ።

አሁን ደህና ናት ተመስገን፣ ልጁም ዳዴ እያለ ነው። ያን ሌሊት ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ወረቀቷን ሳይ "ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን" ነው የሚለው። ሀበሻ የሚል ሳጥን የለም። እህቴ እዛ ወንበር ላይ ስትጠብቅ "የነሱ" ከምንላቸው ሴቶች ጋር አንድ ወረፋ ላይ ነበረች።

የሲዲሲን (የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም ነው) ቁጥር ልንገራችሁ (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2023 እዚህ አገር ከ100,000 ወሊድ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3 ሲሆኑ ነጮቹ 14.5 ናቸው። የተማረ ያመልጣል የሚል ካለ፣ ኮሌጅ የጨረሱ ጥቁር ሴቶች የሚሞቱት ኮሌጅ ከጨረሱ ነጮች በ5 እጥፍ ነው። የቴኒስ ተጫዋቿ ሴሪና ዊሊያምስ እንኳን በ2017 ከወለደች በኋላ ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት ስካን አድርጉልኝ ብላ መወትወት ነበረባት፣ አለም የሚያውቃት ሰው ናት እኮ። በጣም የሚያመኝ ደግሞ ያው ሲዲሲ ከ10 ሞት ከ8 በላዩን ማዳን ይቻል ነበር ማለቱ ነው።

"በዘራቸው ነው፣ ደማቸው ነው" የሚል አስተያየት ሁሌ እሰማለሁ። ዴቪድ እና ኮሊንስ የሚባሉ ሐኪሞች በ1997 ባወጡት ጥናት ኢሊኖይ የተወለዱ ህጻናትን ክብደት አወዳድረው ነበር፣ ከአፍሪካ መጥተው እዛ የወለዱ እናቶች ልጆች ክብደታቸው እዚህ ከተወለዱት ጥቁር እናቶች ልጆች ይልቅ ለነጮቹ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። በደም ቢሆን ኖሮ የአፍሪካዎቹ ነበር የሚብሰው። "አያችሁ እኛማ ደህና ነን" እንዳትሉ፣ ቆዩ። በ2002 እነ ኮሊንስ ቀጣዩን ትውልድ አዩ። ከአውሮፓ የመጡ እናቶች ሴት ልጆች እዚህ አድገው ሲወልዱ የልጆቻቸው ክብደት ጨምሯል፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡት እናቶች ሴት ልጆች ሲወልዱ ግን ቀንሷል። እናቶቻችን በሻንጣና በገላቸው ይዘውት የመጡት ጤና አንድ ትውልድ ሳይሞላው እዚህ ያልቃል ማለት ነው። እኔ ደግሞ የ9 አመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ የተወለደችው እዚሁ ነው፣ ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ዲሲን ብቻ ተመልከቱ። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ፣ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት ሰፈር፣ ከ2017 ጀምሮ በ2025 አዲሱ ሆስፒታል እስኪከፈት ድረስ ማዋለጃ ያለው ሆስፒታል አልነበረም። እስከዛ ድረስ ምጥ የያዛት ሴት ድልድይ ተሻግራ ነበር የምትወልደው። ይሄ ከአበላል ጋር ምን ያገናኘዋል? ደግሞ "የነሱ" ማለቱን ከየት እንዳመጣነውም አላውቅም፣ በ1935 ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በህክምና የተመረቁት ዶክተር መላኩ በያን ለአገራቸው እርዳታ ሲያሰባስቡ አብሯቸው የቆመው እኮ ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ምን ይደረግ ለምትሉ አንድ የሰራ ነገር አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ52 ጥቁር ፀጉር ቤቶች ፋርማሲስት ሄዶ ደንበኞቹ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ በመጡበት ፕሬዠር እየለካ መድሃኒታቸውን እዛው እንዲያስተካክል ተደረገ። ውጤቱ በ2018 ሲወጣ የላይኛው ቁጥር በ6 ወር ውስጥ በአማካይ በ27 ወርዷል፣ ምክር ብቻ የተሰጣቸው ወደ 9 ነው የቀነሱት። ሰውየው ክሊኒክ አልሄደም እኮ፣ ክሊኒኩ ነው እሱ ያለበት የሄደው፣ ባርበሩንም ለብዙ አመት ያውቀዋል ያምነዋል። እኛስ ምን ጎደለን? ቤተክርስቲያን አለን፣ መስጊድ አለን፣ ፀጉር ቤት አለን፣ ኤርፖርት ላይ ተራ የሚጠብቁ ስንት ታክሲ ነጂ ወንድሞች አሉን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ። የፕሬዠር ኪኒን በጾም ሰአት አይዋጥም ብለው የሚተዉትን እናቶች ከኔ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ነው የሚሰሙት፣ እና አባቶችም ይሄን ነገር ቢይዙልን ብዬ ለምናለሁ።

እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ካለፈው ወር ጀምሮ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ፕሬዠር እንለካለን። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከፍ ያለባቸውና ጭራሽ የማያውቁ ሰዎች አግኝተናል፣ አንደኛው ልጅ ገና 34 አመቱ ነው።

ከናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። በወር አንዴ ለጤና የሚሆን ቦታ ስጡን፣ የሚጽፉ የሀበሻ ሐኪሞችና ነርሶች እኔ ፈልጌ አመጣለሁ። እሱ እስኪሆን ይቺን ብቻ በትልቁ አትሙልኝ፣ ሰው ቆርጦ ፍሪጅ ላይ ይለጥፋት፦ አራስ ሴት የማይለቅ ራስ ምታት፣ የአይን ብዥታ፣ የደረት ህመም ወይም ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ብዙ ደም መፍሰስ ካለባት፣ ወይም ፕሬዠሯ 160 በ110 ከደረሰ ነገ አትበሉ፣ 911 ደውሉ፣ ኢመርጀንሲ ስትገቡም መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል "በቅርብ ነው የወለደችው" የሚለው ይሁን፣ እስኪሰሟችሁ ድረስ ደጋግሙት።

አክባሪያችሁ
ነርስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ