ለደንበኞቻችን፦ 1ኤችዜድ ሞተር ላይ ቱርቦ ስለማንገጥምበት ምክንያት

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ከክረምት ወዲህ አንድ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብናል። 1ኤችዜድ የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያለባትን ላንድክሩዘር ወይም ሃርድቶፕ ይዞ የመጣ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አጠገቡ ቆሞ፣ «አቦ፣ ለዚች ቱርቦ ብትገጥሙላት ስንት ታስከፍላላችሁ?» ይለናል። ቱርቦ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ እየላከ ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ ነው። ልጁም ስልኩን አውጥቶ ሱፕራ የተባለውን የቶዮታ ስፖርት መኪና ያሳየናል። አንገጥምም ስንል ተቀይማችሁ የሄዳችሁ አላችሁ፤ በቃል እናስረዳ ስንል ደግሞ የመዶሻው ድምፅ አያደማምጠንም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልን።

ልጆቹ የሚያነሱት ሱፕራን ነውና ከእሱ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሱፕራ በሁለት ዓይነት ሞተር ይሸጥ ነበር። ሁለቱም 2ጄዜድ ናቸው፤ ሁለቱም ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ስድስት ፒስቶን። ጂኢ የሚባለው ቱርቦ የለውም፣ ጉልበቱም 220 ፈረስ ገደማ ነው። ጂቲኢ የሚባለው ሁለት ቱርቦ አለው፤ ለጃፓን ገበያ 280፣ ወደ ውጭ የተላከው ደግሞ 320 ፈረስ ተብሎ ወጣ። ኮፈኖውን ከፍቶ ለሚያይ ልዩነቱ ቱርቦዎቹ ብቻ ይመስላል። ሞተሩ ሲፈታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቱርቦ የሌለው አየሩን አሥር እጥፍ ይጨምቃል፤ ቱርቦ ያለው 8.5 እጥፍ ብቻ። ቱርቦው አየሩን አምቆ ስለሚልክ፣ ፒስቶኑ ላይ ያለው ቦታ ሰፋ እንዲል ተደርጓል። ከፒስቶኖቹ ሥርም ዘይት እየረጩ የሚያቀዘቅዙ ቀጫጭን አፍንጫዎች አሉ። ቶዮታ ቱርቦውን ከማሰሩ በፊት ውስጡን ለውጧል ማለት ነው።

ወደ እናንተ መኪና ስንመጣ ታሪኩ ያው ነው። 1ኤችዜድ እና 1ኤችዲ-ቲ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ፒስቶን፣ ናፍጣ። 1ኤችዜድ 135 ፈረስ ገደማ ነው፤ ባለ ቱርቦው 1ኤችዲ-ቲ 165 አካባቢ ይደርሳል፣ የመጎተት ኃይሉም ከ285 ወደ 360 ኒውተን ሜትር ይወጣል። ዳገት ላይ የሚሰማችሁ ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ግን 1ኤችዜድ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ቴስታታው (ፒስቶኖቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ ነው፤ እሳቱ እዚያ ተነሥቶ ወደ ፒስቶኑ ይወጣል። አየሩንም ከ22 እጥፍ በላይ ይጨምቃል። 1ኤችዲ-ቲ ያቺ ጓዳ የለችውም። ናፍጣው በቀጥታ ፒስቶኑ አናት ላይ ይረጫል፣ ጭመቃውም 18.6 እጥፍ ነው፣ ከሥር የሚረጨው ዘይትም አለ። እንግዲህ በ1ኤችዜዱ ላይ ቱርቦ ጨምራችሁ ናፍጣውን ስታበዙለት ሙቀቱ በይበልጥ የሚያርፈው ቴስታታው ላይ ነው።

ወደ ጋራዣችን ስትገቡ በስተግራ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ቴስታታ አለ። አውራ ጣታችሁን በጓዳዋና በቫልቩ መቀመጫ መሃል አሳልፉት፤ ጥፍራችሁ ይይዛል። ያ ስንጥቅ ነው። መኪናዋ ወደ ሐረማያ በሚያወጣው በደንገጎ ዳገት ላይ ነጭ እንፋሎት እየተፋች ቆማ በገመድ ተጎትታ ነው የመጣችው። ቱርቦውን የገጠምንላት እኛው ነን፣ ከዓመታት በፊት፣ ባለቤቱን እንቢ ማለት አፍረን። እድሳቱን በራሳችን ወጪ ሠርተናል። ከምድር ባቡር ወርክሾፕ የወጡት አንጋፋ መካኒካችን ያን ጊዜም ተው ብለውን ነበር፤ ዛሬም ያቺን ቴስታታ ባዩ ቁጥር ያስታውሱናል።

አንዳንዶቻችሁ «አውስትራሊያ ውስጥ ይገጥሙ የለም እንዴ?» ትሉናላችሁ። ይገጥማሉ፣ ትክክል ናችሁ። ግን የቱርቦውን ግፊት ዝቅ አድርገው፣ ጭስ ማውጫው ላይ የሙቀት መለኪያ አስገብተው፣ መለኪያው ሲወጣ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ እያነሡ ነው። ደንገጎ ላይ ያለ ሾፌር ግን መለኪያ አያይም፤ የሚያየው ከፊቱ የሚያዘግመውን አይሱዙ ነው።

ጥያቄውን ያመጣው ዳገቱ እንደሆነ እናውቃለን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁ። እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ወደ 20 በመቶ ስለሚሳሳ 135 የነበረው ፈረስ 110 አካባቢ ይቀራል። አየሩ አንሶ ናፍጣው እንዳለ ሲሆን ጥቁሩ ጭስ ይመጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን እጥረት አብዛኛውን ያካክሰዋል። ስለዚህ ፍላጎታችሁ ትክክል ነው፤ መንገዱ ነው የተሳሳተው።

ቱርቦ የግድ ካላችሁ ሙሉ 1ኤችዲ-ቲ ሞተር ይቀየር፣ ወይም ከመጀመሪያው ኤችዲጄይ የሚል የፋብሪካ ሰሌዳ ያለባትን መኪና ግዙ። ኤችዜድጄይ የሚለው ቱርቦ የሌላት ናት፤ ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ አትመኑ። ሞተር ከተቀየረ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም አብሮ መስተካከል አለበት፤ ይህን ረስተው መንገድ ላይ የተቸገሩ አሉ። የመጀመሪያዎቹ 1ኤችዲ-ቲዎች የቢየላ ብሮንዛቸው (ፒስቶኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ማረፊያ) ቶሎ በመበላት ይታወቃሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የዘይት ሳህኑ ከሥር ተፈቶ ብሮንዙ ይታይ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ የመጣው ባለ 24 ቫልቩ 1ኤችዲ-ኤፍቲ ለእኛ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ጉልበቱ ብዙም አልጨመረም፣ ግን የናፍጣ ፖምፓው ገና ሜካኒካል ስለሆነ እዚሁ ይጠገናል። ቀጥሎ የመጣው ኤፍቲኢ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ነው፣ 204 ፈረስ ይደርሳል፤ ሲበላሽ ግን ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ቱርቦ ያላችሁ ደግሞ ዳገቱን ወጥታችሁ ስትቆሙ ወዲያው አታጥፉ። ሁለት ደቂቃ ታጉረምርም። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከረው ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ ሞተሩ በድንገት ሲጠፋ ዘይቱ እዚያው ይቃጠላል።

በ1ኤችዜዳችሁ ለምትቆዩ፣ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ትቆያላችሁ፣ የምንመክረው የአየር ማጣሪያ፣ የኢንጀክተር አፍንጫ እጥበት፣ የፖምፓ ልኬትና ራዲያተር ነው። የጠፋ የመሰላችሁ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው። የታይሚንግ ችንጋው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየሩንም ሊብሬው ውስጥ የምናስቀምጥላችሁ ወረቀት ላይ ተመልከቱ።

ለቁልቢ ገብርኤል የምትወጡ ደንበኞች እስከ ታኅሣሥ 12 ድረስ መኪናችሁን ብታመጡልን እንደርሳለን። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ዘይት ከመቀየር በቀር ቃል አንገባም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ