ሁላችንም 94 ነን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተገለጸ ቁጥር «መምህሩ ምን ነካው?» የሚል ጽሑፍ ከጋዜጣችሁ አይጠፋም። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ስለሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊዚክስ ሳስተምር 17 ዓመቴ ነውና ቢያንስ እኔን የነካኝን ልናገር።

የሥራ ፍላጎት ሲሞት መምህሩ ከሥራ ይቀራል ማለት አይደለም። ዛሬም ደወል ሲደወል ክፍል ውስጥ ነኝ። የተለወጠው የፈተና አወጣጤ ነው። ቀድሞ ስሌት እሰጥ ነበር፤ ልጁ ቀመሩን ጽፎ፣ አሃዱን ቀይሮ፣ የሄደበትን መንገድ የሚያሳይበት። አምስት ክፍል አስተምራለሁ፣ በእያንዳንዱ 60 ተማሪ አለ። ለአንድ ወረቀት 3 ደቂቃ ብሰጥ እርማቱ ብቻ 15 ሰዓት ነው። ቢሆንም ማታ ማታ አርም ነበር፤ ልጁ የቱ ጋ እንደሳተ የማየው እዚያ ላይ ነዋ። አሁን የማወጣው ምርጫና እውነት ሐሰት ነው። አውቆ ይክበብ፣ ገምቶ ይክበብ፣ ከጎኑ ይቅዳ፣ በምን ልለየው? ይህን ለውጥ ደግሞ አንድም አለቃ አላየውም።

ደመወዝ ምክንያት አይደለም ብል እዋሻለሁ። የማታውን ጊዜዬን የወሰደው የሌሎች ሰዎችን ልጆች በክፍያ ማስጠናቱ ነው። በመስከረም 2018 የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ማደጉን አላቃልልም፤ የቤት ኪራዩና ጤፉ ግን ቀድመውት ሄደዋል። በየምረቃው «መምህር እንደ ሻማ ቀልጦ ለሌላው ያበራል» ይባላል። ሻማም እኮ በነጻ አይሸጥም።

የበለጠ የሰበረኝ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነው። ባለፈው ዓመት ከመቶ 94 ተሞላልኝ። አንድ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ደካማ ተማሪዎችን በነጻ ያስጠናል፤ ቤተ ሙከራው የሌለውን መሣሪያ ከሽቦና ከባትሪ ድንጋይ ይሠራል። 94። ሌላው ክፍለ ጊዜውን ማስታወሻ እያስገለበጠ ይጨርሳል። እሱም 94። ርዕሰ መምህሩን ብጠይቃቸው «ለያይቼ ብሞላ ጭቅጭቁን ማን ይችለዋል? የደረጃ እድገታችሁስ?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለእኛ አስበው ነው። የደረጃ እድገቱም ቢሆን ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ ብሩ የመጣው በ14ኛው ወር ነው፤ «በጀት አልተያዘም» ተብሎ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሱፐርቫይዘር መጥተው ፈተናዬን ቁጭ ብለው አነበቡት። «መምህር፣ ሦስተኛው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው» አሉኝ። በንዴት ጦፍኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ፈተናውን ከነጭራሹ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ግማሹን ስሌት አድርጌ። እሳቸው ወዲያው ተዛወሩ፣ ከዚያ ወዲህ ወረቀቴን ያየ የለም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ዘገባችሁ ጋዜጠኛ ስትልኩ የምዘናውን ማህደርና መምህራኑ ያወጧቸውን ፈተናዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመልከትልን። ከእኔው ቢጀምር አልቀየምም።

ስሜ እንዳይወጣ የምጠይቅ
የፊዚክስ መምህር፣ ከደቡብ ወሎ