ለአባባ፦ ወደ ሄረፎርድ ከመሄዳችን በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እዚህ ሲመጡ በእንግሊዟ ሄረፎርድ ከተማ ካቴድራል ውስጥ ስለምናየው ጥንታዊ የዓለም ካርታ በስልክ አስረድቼ ስለማልጨርስ ጻፍኩልዎ። ሳይዘጋጅ የገባ ሰው የጠቆረ ቆዳ አይቶ ነው የሚወጣው።

ካርታው በፈረንጆቹ 1300 ገደማ የተሠራ፣ ከአንድ ጥጃ ቆዳ የተዘጋጀ ወጥ ብራና ነው። ቁመቱ 1.59 ሜትር፣ ወርዱ 1.34 ሜትር ነው። ከላይ የሾጠጠው የቆዳው የአንገት በኩል ሲሆን፣ እዚያ ላይ ክርስቶስ ለፍርድ ተቀምጦ ተሥሏል። ባሕሩ ጥንት አረንጓዴ ነበር፤ ቀለሙ በዘመን ብዛት ቡናማ ስለሆነ የብስና ባሕር ለመለየት ዓይን ይቸግረዋል።

ምሥራቅ ከላይ ነው፤ ሰሜን በግራዎ፣ ደቡብ በቀኝዎ። እስያ የላይኛውን ግማሽ ይዛለች፣ አውሮፓ ከታች በግራ፣ አፍሪካ በቀኝ ናት። ትልልቆቹን ፊደላት ግን አይመኑ፤ የአውሮፓ ስም አፍሪካ ላይ፣ የአፍሪካ ስም አውሮፓ ላይ ተጽፏል። መጀመሪያ መሃሉን ያግኙ። በግንብ የተከበበችው ክብ ኢየሩሳሌም ናት፤ ስቅለቱ ከበላይዋ አለ፤ ክቡ የተሠመረበት የኮምፓስ ቀዳዳም እዚያው ነው። ርቀትና ቅርጽ አይፈልጉ፣ አይገጥምልዎትም። እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ታሪኩን ይከተሉ።

ከላይ ጫፍ ላይ አዳምና ሔዋን ያሉባት ክብ ደሴት ገነት ናት። በቀኝ በኩል ቀይ ባሕር በእርግጥም ቀይ ተቀብቷል፤ እስራኤል የተሻገሩበት ቦታ ክፍት ተትቷል። ከዚያ የሚነሳውን ቀጭን መሥመር ይዘው ይሂዱ፤ በምድረ በዳ እየተጠማዘዘ ወደ ኢያሪኮ የሚያደርስ የዘፀአት መንገድ ነው። ወደ ኋላዋ የዞረችውን የሎጥን ሚስት፣ የኖኅን መርከብ፣ በግብፅም የዮሴፍን ጎተራ ያገኛሉ።

የቀኙን ጠርዝ ሲያዩ ደግሞ እንዳይቆጡ። አፍሪካ ዳር ዳሩን ጉድ የሚያሰኙ ፍጡራን ተደርድረውባታል፤ ራስ የሌላቸው፣ ዓይንና አፋቸው ደረታቸው ላይ የሆነ። ከእነሱ መሃል ባለ አራት ዓይን «ኢትዮጵያውያን» አሉ! ሠሪው ወሬውን ያገኘው ከጥንት የሮማ መጻሕፍት ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በአንደኛው ክፍለ ዘመን ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጽፍ፣ በእርግጥ እንዲህ ሆነው ሳይሆን ቀስት ሲወረውሩ አጥርተው ስለሚያነጣጥሩ ነው ብሎ ነበር። ወሬው ሲቀባበል ማብራሪያው ወደቀ፣ ዓይኖቹ ቀሩ።

ከታች በግራ ጥግ፣ እንደ እኛ ብራና ጸሐፊዎች ሁሉ፣ ለሠሪው ለሪቻርድ እንዲጸለይ የሚለምን ጽሑፍ በጥንት ፈረንሳይኛ አለ። ሄረፎርድ ራሷ በዚያው በኩል፣ ወንዙ ዳር ናት፤ ነገር ግን በየዘመኑ የመጣው ሁሉ «እዚህ ነን» እያለ በጣቱ ስለነካት ለመጥፋት ደርሳለች።

ክፍሉ ብራናው እንዳይጎዳ ደብዘዝ ይላል፤ ካርታውም ከመስተዋት ኋላ ነው። ከፀሐይ እንደገቡ ምንም አይታይዎትም፤ ዓይንዎ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። የቅርቡንም የሩቁንም መነጽር ይያዙ፤ ባንዱ ብቻ አይሆንም። ጽሑፉን እዚያ ቆሞ ማንበብ የማይታሰብ ስለሆነ፣ የነገርኩዎትን ቦታዎች የከበብኩበት ትልቅ ቅጂ አትሜ እይዛለሁ። ጫማ ማውለቅ የለም፤ ወለሉ ግን ድንጋይ ነውና ወፍራም ካልሲ ያድርጉ።

ከለንደን በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ አንዳንዱ ኒውፖርት ላይ ያስቀይራል። ደረጃ እንዳይበዛብዎት ቀጥታ የሚሄደውን እንመርጣለን። ከጣቢያው ታክሲ እንይዛለን። ካቴድራሉ በነጻ ያስገባል፤ ለካርታው ግን ቲኬት ይቆረጣል። እሑድ አይመረጥም፤ ሰዓቱን ቀድሜ አጣራለሁ።

እዚያው መጻሕፍት በሰንሰለት የታሰሩበት ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍትም አለ። መጻሕፍቱ ጀርባቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ነው የቆሙት፤ ሰንሰለቱ የተያዘው በፊተኛው ሽፋን ጠርዝ በኩል ስለሆነ፣ አንባቢ ሲያወርዳቸው አይጠማዘዝም። የእርስዎ ዳዊት እንዲህ ቢታሰር ማን ይፈታው እንደነበር እንጃ!

እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ